ቀስ በቀስ የሚተነፍስ ጎማና የሻጭ ኃላፊነት

ያገለገለ መኪና መሸጥና መግዛት በአገራችን የብዙ ቤተሰቦችን የዓመታት ቁጠባ የሚነካ ጉዳይ እንደሆነ ይታወቃል። በተለይም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀደም ሲል የገቡት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩበት ሁኔታ ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት ይሻል። ገዢ መኪና ሊያይ ሲመጣ ሞተሩን ያስነሳል፣ የጭሱን ቀለም ይመለከታል፣ ቆርቆሮው ተጋጭቶ የተጠገነ እንደሆነ ይመረምራል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። ጎማውን ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው በእግር መታ ተደርጎ ስለሚታለፈው ስለዚሁ ጎማ ነው፤ ይበልጡንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ አየሩን ቀስ በቀስ ስለሚያጣ ጎማ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት ከሞተር ወይም ከማርሽ ብልሽት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሌሎቹ ጉድለቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በጊዜ ብዛት ብቻ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ጊዜው ደግሞ ያለው በሻጩ እጅ ነው። ሻጩ ከመኪናው ጋር ወራትን ያሳለፈ ሲሆን ገዢው የሚያሳልፈው ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነው። በመሆኑም በሽያጩ ዕለት ጠዋት ጎማውን አስነፍቶ ዝም የሚል ሻጭ፣ ገዢው በምንም ዓይነት ጥንቃቄ ሊደርስበት የማይችለውን እውነት ሸሽጓል ብለን እናምናለን። አቋማችንም ሻጭ ጎማው የሚተነፍስበትን ምክንያት ከመሸጡ በፊት ማግኘትና ማስጠገን፣ ይህን ማድረግ ካልቻለም ለገዢው በጽሑፍ መግለጽ ይገባዋል የሚል ነው።

ጉዳዩን በአሰላና በአርሲ ደጋ ምሳሌነት ማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ 2,430 ሜትር ያህል ከባሕር ጠለል በላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከአዳማ የምትርቀው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዴራና በኢተያ በኩል የሚያልፈው ይህ መንገድ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለው። ከፍታና ብርድ ሁለቱም የጎማን የአየር ግፊት ንባብ ስለሚለውጡ፣ በዚህ አካባቢ ለሚተነፍስ ጎማ ማመካኛ ማግኘት ቀላል ነው። ስለዚህ አስቀድመን ማመካኛው በሳይንስ ሚዛን ምን ያህል እንደሚያስኬድ እንመልከት።

ከፍታ ጎማን ያስተነፍሳልን?

«መኪናው ከቆላ ወደ ደጋ ስለ ወጣ ነው አየሩ የቀነሰው» የሚል ምክንያት መስማት የሚያስደንቅ አይደለም። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ እውነት ይመስላል፤ የደጋ አየር ስስ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ዳሩ ግን የፊዚክስ ሕግ የሚነግረን የዚህን ተቃራኒ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1648 ፍሎረን ፔሪየ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በሚስቱ ወንድም በብሌዝ ፓስካል አሳሳቢነት የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ በወጣ ጊዜ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ዝቅ እያለ መሄዱን አይቷል። በዚህም የከባቢ አየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ዛሬ በሚታወቀው ስሌት መሠረት የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን፣ በአዳማ 83፣ በአሰላ ደግሞ 75 ኪሎፓስካል ያህል ነው።

ጎሚስታው የሚጠቀምበት የግፊት መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት እንዳልሆነ ልብ ማለት ያሻል። መለኪያው የሚያነበው በውስጡና በውጪው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ከአዳማ ተነሥቶ አሰላ ሲደርስ፣ የጎማው ሙቀት ሳይለወጥ ቢቆይ፣ የውጪው ግፊት በ8 ኪሎፓስካል ያህል ስለሚቀንስ የመለኪያው ንባብ በዚያው መጠን ይጨምራል። ይህም በተለመደው የጎማ መለኪያ ከ1 ፒኤስአይ በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ መውጣት ብቻውን የጎማውን ንባብ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ከፍታን የመተንፈስ ምክንያት የሚያደርግ ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል ማለት ነው።

ብርድስ?

በብርድ በኩል ያለው ማመካኛ ግን እውነትነት አለው። በተወሰነ ቦታ የታሰረ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም ከፍጹማዊ ሙቀቱ ጋር በተመጣጠነ መንገድ ነው። በተለመደው የአነስተኛ መኪና ጎማ ላይ ይህ ሲሰላ፣ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴልሲየስ የሙቀት ለውጥ 1.5 ፒኤስአይ ያህል የግፊት ለውጥ ይኖራል። የአርሲ ደጋን የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት የሚያውቅ ሰው፣ የሌሊቱና የቀኑ ሙቀት ምን ያህል እንደሚራራቁ አይስተውም። ከአሰላ ከፍ ብላ በምትገኘው በበቆጂ ደግሞ ብርዱ የባሰ ነው።

ሁለቱን፣ ማለትም ከፍታውንና ብርዱን፣ በአንድ ምሳሌ አዋሕደን እንያቸው። አንድ መኪና በአዳማ በቀትር፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲሆን ጎማው በ32 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ220 ኪሎፓስካል ተነፍቷል እንበል። የውጪው ግፊት 83 ስለሆነ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 303 ኪሎፓስካል ይሆናል። መኪናው አሰላ አድሮ በማግስቱ ንጋት ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሲሆን፣ ጠቅላላው ግፊት ወደ 283 ይወርዳል፤ ከዚህ ላይ የአሰላን የ75 ኪሎፓስካል የአየር ግፊት ስንቀንስ መለኪያው 208፣ ይኸውም 30 ፒኤስአይ ያህል ያነባል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን ንባቡ ተመልሶ 32 ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ቁም ነገሮች እንማራለን። አንደኛው፣ ብርድና ከፍታ ተደምረው የሚያመጡት ለውጥ በዚህ መንገድ ላይ ከ2 ፒኤስአይ ብዙም የማይዘል መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ብርድ የወሰደውን ፀሐይ የምትመልሰው መሆኑ ነው። በቀዳዳ የወጣ አየር ግን አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ32 ወደ 26 የወረደ ጎማ ካለ፣ የአየር ጠባይ ሊወቀስበት አይገባም።

ሦስቱ ጎማዎች እንደ ምስክር

በሳይንስ ሙከራ የአንድን ምክንያት ውጤት ለይቶ ለማወቅ፣ ከዚያ ምክንያት በቀር በሁሉም ነገር ተመሳሳይ የሆነ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። መኪና ይህን ማነጻጸሪያ በራሱ ይዞ ይዞራል። አራቱም ጎማዎች በአንድ ብርድ ያድራሉ፤ በአንድ ዳገት ይወጣሉ፤ በአንድ ቁልቁለት ይወርዳሉ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ግፊቱ ከቀነሰ፣ የቀሩት ሦስቱ ብርዱም ከፍታውም ምክንያት እንዳልሆነ ይመሰክራሉ።

መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ፈተና ያለ ምንም ወጪ በሰባት ቀን ማከናወን ይችላል። በመጀመሪያ መኪናው ካደረበት ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እንዳለ፣ አራቱም ጎማዎችና ስኮርታው የመኪናው ፋብሪካ በወሰነው ልክ ይነፉ። ይህ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ስለሆነ ከዚህኛው ጋር መምታታት የለበትም። ከዚያም በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ይልቁንም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ በአንድ መለኪያ ብቻ እየለኩ በወረቀት መመዝገብ ነው። መለኪያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ በየቀኑ የተለያየ መለኪያ መጠቀም ውጤቱን ያበላሻል። እንዲሁም በአንድ ወገን ፀሐይ የመታው መኪና ሲለካ የዚያ ወገን ጎማዎች ከፍ ያለ ንባብ ያሳያሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ በጎማዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ፒኤስአይ በታች ከሆነ የመለኪያው ስሕተት ሊሆን ስለሚችል ብዙ አያሳስብም። ደኅና የሆነ ጎማም ቢሆን በላስቲኩ ውስጥ አልፎ በሚወጣ አየር ምክንያት በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ማጣቱ የተለመደ ነው። አንዱ ጎማ ግን በሳምንት 2 ፒኤስአይ ወይም ከዚያ በላይ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ከቀረ አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ቀዳዳውን ማግኘት

የመተንፈስ ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም በአራት ወገን ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በመንገድ ላይ የተወጋ ሚስማር፣ ሽቦ ወይም እሾህ ነው። ሁለተኛው አየር የሚገባበት ቫልቭ ነው፤ በውስጡ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ልትላላ ወይም አቧራ ሊገባባት ይችላል፤ የላስቲክ እግሩም በፀሐይና በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ዝገት ወይም ጭቃ መያዙ ነው። አራተኛው በጉድጓድ ተመትቶ የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ቸርኬ ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ቢጀመር መልካም ነው። ጎሚስቶች ቫልቩን በምራቅ አርሰው አረፋ መኖር አለመኖሩን የሚያዩት ትክክለኛ መሠረት ስላለው ነው። ቫልቩ ደኅና ከሆነ የሳሙና ውኃ በመርገጫው፣ በጎኑና በቸርኬው ዙሪያ ይቀባል፤ በዚህ ካልተገኘም ጎማው ተፈትቶ በውኃ ገንዳ ውስጥ ይነከራል።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። 30 ሊትር ያህል አየር የሚይዝ ጎማ በሳምንት 2 ፒኤስአይ ቢያጣ፣ በአሰላ የአየር ግፊት ሲሰላ የወጣው አየር ከ5 ሊትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። በሳምንት ውስጥ 10,080 ደቂቃዎች ስላሉ በየደቂቃው የሚወጣው ከግማሽ ሚሊሊትር ብዙም አይበልጥም። ይህም ስፋቷ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት አረፋ በየአራት ሴኮንዱ ብትወጣ የሚሆነውን ያህል ነው። ስለዚህ ጎማውን በውኃ ውስጥ ፈጠን አድርጎ አሽከርክሮ «ደኅና ነው» ማለት ምንም ዋጋ የለውም። እያንዳንዱን ክፍል ውኃው ጸጥ እስኪል ድረስ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል።

ጥገናውና የማይበቃ ጥገና

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። የቫልቩን መዝጊያ ወይም ቫልቩን ራሱን መለወጥ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የዛገ ቸርኬ ጎማው ተነቅሎ ጠርዙ ይጸዳል። በሚስማር የተበሳ ጎማ ደግሞ ቀዳዳው በመርገጫው ላይ ከሆነና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ከታየ በኋላ ቀዳዳው ተሞልቶ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል። ከውጪ ብቻ የሚወተፍ የላስቲክ ገመድ መንገደኛን እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርስ ጊዜያዊ መላ ነው፤ የጎማውን ውስጥ ማንም ስላላየው እንደ ሙሉ ጥገና ሊቆጠር አይገባም። በጎን በኩል የተበሳ ጎማ ከነጭራሹ አይጠገንም፤ መለወጥ ይኖርበታል፤ ጎኑ በየዙሩ የሚተጣጠፍ ክፍል በመሆኑ ልጣፊ አይጸናበትምና።

ሁለት የማይበቁ ዘዴዎችንም ማንሣት ይገባል። አንደኛው ያለ ውስጥ ጎማ እንዲሠራ በተሠራ ጎማ ውስጥ የውስጥ ጎማ አስገብቶ ቀዳዳውን መርሳት ነው። የውስጥ ጎማ ሲበሳ አየሩ በድንገት ሊወጣ ይችላል፤ ከጎማው ጋር በመፋተግም ሙቀት ይፈጥራል። ሁለተኛው የሚያሽግ ፈሳሽ መጨመር ነው። ይህ ለመንገድ ላይ ችግር የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ ለሽያጭ በተዘጋጀ መኪና ውስጥ ሲገኝ ግን ሥራው የጉድለቱን ምልክት መሸፈን ብቻ ይሆናል።

ለምን ያሳስበናል?

«ገዢው አየር ያስሞላበታል፤ ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የጉዳቱን መጠን ለመረዳት ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርድን መኪና እናስብ።

የመኪናውን ክብደት በዋናነት የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታሰረው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ሸክሙ ወደ ጎማው ጎን ስለሚዛወር ጎኑ በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። የላስቲክ ጠባይ ደግሞ ለመታጠፍ የወሰደውን ጉልበት ሲዘረጋ ሙሉ በሙሉ አለመመለሱ ነው፤ የቀረው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዙሪያው 1.93 ሜትር ያህል የሆነ የአነስተኛ መኪና ጎማ በ75 ኪሎ ሜትር መንገድ 39,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህን ያህል ጊዜ ከመጠን በላይ የታጠፈ ጎማ፣ መንገዱ ወደ ቆላው እየወረደ፣ አስፋልቱም እየጋለ ሲሄድ፣ ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን ክሮችና የላስቲክ ንብርብሮች እስከ ማላቀቅ ሊደርስ ይችላል። መጨረሻው ፍንዳታ ነው። ሳይፈነዳ ቢቀር እንኳ፣ ከፊት ጎማዎች አንዱ አየር ያነሰው መኪና መሪውን ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ በመታጠፊያና በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ደግሞ ለሾፌሩ አይታዘዝም።

ከዚህም የከፋ አንድ ነገር አለ። አነስተኛ አየር ይዞ ረጅም መንገድ የተነዳ ጎማ በውስጡ የደረሰበት ጉዳት እንደገና በመንፋት አይድንም። ከውጪ ሲታይ ሙሉና ጠንካራ ይመስላል። የዘመኑ ጎማዎች አሠራር ደግሞ በ32 እና በ24 ፒኤስአይ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ለወራት «እየነፋሁ ልጠቀምበት» ሲል የቆየ ሻጭ ለገዢው የሚያስረክበው ቀዳዳውን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ውስጡ የተጎዳና ማንም ያላየው ጎማ ጭምር ሊሆን ይችላል። በዚያ መኪና የሚሳፈሩት ደግሞ በስምምነቱ ያልነበሩ ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው።

የዝምታ ዋጋ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚደርስበት ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ያገለገለ መኪና ገበያን ነበር። ገዢ ደኅናውን ከጉድለተኛው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚያቀርበው ዋጋ መካከለኛ ይሆናል፤ በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው ለመሸጥ ስለማይፈቅድ በገበያው የሚቀሩት ጉድለተኞቹ ይበዛሉ፤ ይህን የተረዳ ገዢም ዋጋውን ይበልጥ ይቀንሳል። አከርሎፍ በዚህ መስክ ባደረገው አስተዋጽኦ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ትምህርቱ ለእኛ ገበያ እንግዳ አይደለም። «ያገለገለ መኪና መቼም ጉድ አያጣውም» እየተባለ ዋጋ የሚሰበረው በታማኙም ሻጭ ላይ ነው። የአንዱ ዝምታ የሌላውን ዋጋ ይበላል።

ሕጉም ቢሆን በጉዳዩ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው መድን እንደሆነ ይደነግጋል። በሽያጭ ውሎች ላይ «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚል ሐረግ ሲጻፍ፣ ሻጩ በዚህ ከኃላፊነት ሁሉ የዳነ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁንና ሕጉ ዋስትናን የሚያስቀር ስምምነትን ቢፈቅድም፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ግን ስምምነቱ ውጤት አይኖረውም። በሌላ በኩል ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት ኋላ ምክንያት አድርጎ ሻጩን ሊጠይቅ አይችልም። እንግዲህ ጉድለቱን በጽሑፍ የገለጸ ሻጭ የሚጠብቀው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ጭምር እንደሆነ ልብ ይሏል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«መርምሮ መግዛት የገዢው ፈንታ ነው» የሚለው ተቃውሞ የመጀመሪያው ነው። ለሚታይ ጉድለት ይህ ክርክር ያስኬዳል፤ የተሰነጠቀ መስታወት አይቶ የገዛ ሰው ማንንም ሊወቅስ አይችልም። ቀስ በቀስ የሚተነፍስ ጎማ ግን በጠዋት ተነፍቶ በቀትር ቢለካ ከደኅናው ጎማ አንድ ነው። ማንም የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ አንድ ሳምንት የሚፈጅን ለውጥ በግማሽ ሰዓት ሊያይ አይችልም።

ሁለተኛው «መኪናው ዓመታዊ ምርመራ አልፏል፤ ቦሎ አለው» የሚለው ነው። የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ጠቃሚ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ምርመራው መኪናው በዚያች ዕለት ያለበትን ሁኔታ ያያል እንጂ በቀጣዩ ሳምንት ጎማው ምን ያህል እንደሚያጣ ሊናገር አይችልም። ቦሎው የሻጭን እውቀት አይተካም።

ሦስተኛውና ከሁሉም ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው «ከተናገርኩ ዋጋ ይቀነስብኛል» የሚለው ነው። ይህን ስጋት አንንቀውም፤ የተቸገረ ሻጭም ሰው ነውና። ዳሩ ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለትና ምክንያቱ ታውቆ የተጠገነ ጉድለት በገዢ ዘንድ እኩል አይመዘኑም። «የኋላ ቀኝ ጎማ ይተነፍስ ነበር፤ ቫልቩ ተለውጦ ለሰባት ቀን ተለክቷል፤ መዝገቡ ይኸውና» የሚል ሻጭ፣ ስለ ሞተሩም ስለ ፍሬኑም የሚናገረው ይታመናል። ገዢና ሻጭ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ለቅሶ ቤትና በአንድ እድር በሚገናኙበት እንደ አሰላ ባለ ከተማ ደግሞ መታመን ራሱ ትልቅ ሀብት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን። ሻጮች መኪናቸውን ለገበያ ከማቅረባቸው ከአንድ ሳምንት በፊት የአራቱንም ጎማዎችና የስኮርታውን ግፊት በየንጋቱ እየለኩ ቢመዘግቡ፣ የሚተነፍስ ጎማ ከተገኘም ምክንያቱን አስፈልገው ከውስጥ ቢያስጠግኑ ወይም በሌላ ቢለውጡ፣ መዝገቡንም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ቢያሳዩ መልካም ነው። ገዢዎች ይህን መዝገብ መጠየቅ ልማድ ቢያደርጉት፣ ከተቻለም መኪናውን አንድ ቀን ለክተው በሳምንቱ ተመልሰው በዚያው ሰዓትና በዚያው መለኪያ ቢለኩ፣ ብዙ ጸጸት ይቀርላቸዋል። ደላሎችም «ጎማው ደኅና ነው» ከማለታቸው በፊት ያ ቃል በምን እንደተረጋገጠ ሻጩን ቢጠይቁ ለሥራቸው ክብር ይሆናል። ጎሚስቶችም «ይነፋልኝ» ብቻ ለሚል ደንበኛ ምክንያቱ እንዲፈለግ ቢመክሩ፣ የሙያቸውን ድርሻ ተወጡ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህራንም ከዚህ ጉዳይ ጥሩ የክፍል ትምህርት ሊያወጡ ይችላሉ። አንድ መለኪያና አንድ ስኮርታ ይዞ ከአዳማ ወደ አሰላ መጓዝና ንባቡን ከሙቀት መጠኑ ጋር መመዝገብ፣ የጋዞችን ሕግ በሰሌዳ ላይ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ በተማሪው አእምሮ ይቀረጻል። ይህን በእጁ ያረጋገጠ ወጣት ነገ መኪና ሲገዛ «ከደጋው ብርድ የተነሣ ነው» በሚል ቃል በቀላሉ አይታለልም፤ ሲሸጥም በዚያ ቃል ሌላውን ለማታለል ኅሊናው አይፈቅድለትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።